መሪ፦ ከመቅዘፊያ እስከ መሪ ቃል

«መሪው ላልቷል» የሚል ዐረፍተ ነገር ብቻውን መንገድ ላይ ወድቆ ቢገኝ የማን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። ጋራዥ ውስጥ ከተባለ የሚከተለው ቁልፍና ቅባት ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ከተባለ የሚከተለው ግምገማ ነው። «መሪው ጠንክሯል»፣ «መሪው ወደ ግራ ይጎትታል»፣ «መሪው ይዞራል፣ ጎማው ግን አይሰማም»፣ «መሪው መቀየር አለበት»። መካኒኩና የፖለቲካ ተንታኙ እነዚህን ሁሉ በእኩል እምነት ይናገራሉ፤ ልዩነታቸው መካኒኩ መለዋወጫው የት እንደሚገኝ ማወቁ ነው።

አማርኛ ሕዝብ የሚከተለውንና ሹፌር የሚጠመዝዘውን በአንድ ስም የሚጠራው ቃል አጥሮት ነው ወይስ አውቆ? ይህ ጥናት የተነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው። የጥናቱ ዘዴ ሁለት ብቻ ነው፦ መዝገበ ቃላት መግለጥና ሚኒባስ ጋቢና መቀመጥ።

የነገሩ ሥር ያለው ግን አስፋልት ላይ ሳይሆን ውኃ ላይ ነው። የጥንት ግሪኮች መርከብ የሚያቀናውን ሰው «ኪቤርኔቴስ» ይሉት ነበር። ሰውየው የሚቀመጠው ከመርከቧ ኋላ፣ ጫፉ ላይ ሲሆን በግራና በቀኝ ወደ ውኃው የወረዱ ሁለት ትልልቅ መቅዘፊያዎችን ይዞ ነው። እሱ ራሱ አይቀዝፍም። ይህን ነጥብ ወደ ፊት ስለምንፈልገው አንባቢ ይያዝልን።

ትሪሬም የምትባለው የአቴና የጦር መርከብ 200 ያህል ሰው ትጭን ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 170ዎቹ ቀዛፊዎች ናቸው። የቀሩት ጥቂት ወታደሮች፣ ሸራ የሚጎትቱ፣ ምቱን የሚጠራ አንድ ሰው እና ለምቱ ዋሽንት የሚነፋ አንድ ሰው ናቸው። ምት ጠሪው ከሚኒባስ ረዳት ጋር የሙያ ዝምድና አለው፤ ድምፁ የእሱ፣ መንገዱ የሌላ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትሪየራርክ የሚባል አለ፤ ይህ ለአንድ ዓመት የመርከቧን ወጪ እንዲሸፍን የተመደበ ባለጠጋ ሲሆን በወጉ አዛዡ እሱ ነው። ስለ ባሕር የሚያውቀው ነገር በምደባው መስፈርት ውስጥ አልነበረም። ማዕበል ሲነሣ ሁሉም ወደ ኋላ ዞሮ የሚያየው ኪቤርኔቴሱን ነው፤ ማዕበሉ ሲያልፍ ስሙ በድንጋይ ላይ በጉልህ የሚቀረጸው የትሪየራርኩ ነው።

የአቀማመጡ ነገር ተጨማሪ ምርመራ ይገባዋል። ቀዛፊ ሲቀዝፍ ጀርባውን ለመርከቧ አፍንጫ፣ ፊቱን ለመርከቧ ጅራት ሰጥቶ ነው። ስለዚህ 170 ሰው በሙሉ ኃይሉ ወደማያየው አቅጣጫ ይሄዳል፤ የሚያየው ያለፈበትን ብቻ ነው። ወደ ፊት የሚያየው አንድ ሰው ከኋላ ተቀምጧል። ቀዛፊዎቹ በሦስት ደርብ ስለሚቀመጡ ከታችኛው ደርብ ያሉት መሪውንም አያዩትም፤ ለእነሱ የሚታያቸው የባልንጀራ ጀርባ ነው። ዴሞክራሲ በዚህ መርከብ በምትጠበቅ ከተማ መፈጠሩን የታሪክ ሊቃውንት ብዙ ጊዜ ያነሡታል። የጣና ታንኳ ቀዛፊ በአንጻሩ ከደንገል በተሠራች ታንኳው ላይ ፊቱን ወደሚሄድበት አዙሮ፣ ራሱ ጉልበት ራሱ መሪ ሆኖ ይጓዛል። ጣና ላይ ስለ አመራር ክህሎት ሥልጠና ያልተፈለገው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

በመጻሕፍታችን አፍላጦን የሚባለው ፈላስፋ ይህን ሙያ በ«ፖለቴያ» መጽሐፉ ስድስተኛ ክፍል ላይ ለምሳሌ አንሥቶታል። እንደ እሱ አቀራረብ የመርከቡ ባለቤት ግዙፍና ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ጆሮው ደከም፣ ዐይኑ ፈዘዝ ያለ፣ የባሕር እውቀቱም እንደ ዐይኑ ነው። መርከበኞቹ መሪውን ለመያዝ ይጣላሉ። አንዳቸውም ሙያውን አልተማሩም፤ ከዚያም አልፈው ሙያው የሚማሩት ነገር አይደለም ይላሉ፤ ይማሩታል የሚለውንም ሊቆራርጡት ይነሣሉ። በመጨረሻ ባለቤቱን አስክረው መሪውን ይይዙና የመርከቡን ስንቅ እየበሉ ይጓዛሉ። እውነተኛው መሪ ወቅቱን፣ ነፋሱን፣ ከዋክብቱን ሲያጠና ያዩት እንደሆነ «ኮከብ ቆጣሪ» ብለው ይስቁበታል። ይህ የተጻፈው ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት ስለሆነ ከማንኛውም በሕይወት ካለ ሰው ጋር መመሳሰሉ በአጋጣሚ ነው።

ሮማውያን ቃሉን ሲወስዱ «ክ»ን ወደ «ግ» ለውጠው «ጉቤርናቶር» አደረጉት። ከዚያ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ገባና «ገቨርነር» እና «ገቨርንመንት» ሆነ። የአሜሪካ ክፍላተ ሀገር አገረ ገዢዎች ሁሉ፣ ባሕር የሌላቸው የካንሳስና የነብራስካ ጭምር፣ በሥረ ቃሉ የጀልባ ሠራተኞች ናቸው ማለት ነው።

የሮማ ገጣሚ ቨርጂል የኤኔያስን መርከብ መሪ ፓሊኑሩስ ብሎ ሰይሞታል። ፓሊኑሩስ በጥሩ ሌሊት፣ ባሕሩ ጸጥ ባለበት፣ ሥራው ላይ እንዳለ የእንቅልፍ አምላክ መጣበትና ከነመሪው ባሕር ውስጥ ወደቀ። መርከቡስ? መርከቡ መንገዱን ቀጠለ። ኤኔያስ መሪው እንደሌለ ያወቀው ቆይቶ ነው። በዚህ ታሪክ ላይ ብዙ ትችት ተጽፏል፤ ይህ ጥናት ግን «ቆይቶ ነው» የምትለዋ ላይ ብቻ ጣቱን አሳርፎ ያልፋል።

የእኛ አንባቢ ኪቤርኔቴስን ሳያውቀው በደንብ የሚያውቀው ከሐዋርያት ሥራ 27ኛ ምዕራፍ ነው። ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ ጉዞው ጥፋት ያመጣል ብሎ አስጠነቀቀ። የመቶ አለቃው ግን የመርከቡን መሪና የመርከቡን ባለቤት አመነ። በግሪኩ እዚያ ላይ የተጻፈው ራሱ ኪቤርኔቴስ ነው። ባለሙያና ባለሀብት በአንድ ድምፅ ሲናገሩ እስረኛን የሚሰማ የመቶ አለቃ እስከ ዛሬ አልተገኘም። 276 ነፍስ የጫነው መርከብ ማልታ ደሴት ላይ ተሰበረ፤ ሰው ሁሉ ተረፈ። መሪው ከዚያ በኋላ ምን እንደተደረገ መጽሐፉ አይናገርም፤ ወደ ሌላ መርከብ ተዛውሮ ይሆናል።

ይኸው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ በቤተ ክርስቲያን ያሉትን ስጦታዎች በተራ ይዘረዝራል። ሐዋርያት አንደኛ፣ ነቢያት ሁለተኛ፣ አስተማሪዎች ሦስተኛ እያለ ወርዶ ሰባተኛው ላይ የመርከብ መሪውን ሙያ ያስቀምጣል፤ ከእርዳታ በኋላ፣ ከልሳን በፊት። አማርኛው ይህን «አገዛዝ» ብሎ ተርጉሞታል። ከመቅዘፊያ ወደ አገዛዝ ያለውን መንገድ ግሪክ፣ ሮማና ፈረንሳይ ተቀባብለው በብዙ መቶ ዓመታት የሄዱትን ያህል የእኛ ተርጓሚ በአንድ ቃል ደርሶበታል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ነገሩ ይለያል። ግእዝ መርከበኛን «ኖትያዊ» ሲል ቃሉን ከግሪክ ተውሷል። መሪውን ግን አልተዋሰም። አዱሊስ በአንደኛው ምእተ ዓመት በግሪክኛ በተጻፈው የቀይ ባሕር መርከበኞች መመሪያ የተመዘገበች ወደብ ነበረች፤ ዐፄ ካሌብም በስድስተኛው ምእተ ዓመት ጦራቸውን በመርከብ አሻግረው የመን ዘምተዋል። ስለዚህ መሪ አጥተን አይደለም። መሪ ከውጭ ማስመጣት የማያስፈልገው ብቸኛ ዕቃ ሆኖ ታይቶ ይሆናል።

ለ«ገቨርንመንት» አቻ አድርገን የምንጠቀምበት «መንግሥት» የመጣው ከ«ነግሠ» ነው። የፈረንጁን ቃል ሥሩን ቢቆፍሩት መቅዘፊያ ይወጣል፤ የእኛን ቢቆፍሩት ዘውድ ይወጣል። አንድ ሰው ሳይመራ ሊነግሥ ይችላል፤ ይህ የሰዋስው አስተያየት ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ማስረጃ የሚሻ የ«ባሕረ ነጋሽ»ን ማዕረግ ይመልከት። ባሕረ ነጋሽ የባሕሩን ጠረፍና ከላዩ ያለውን ደጋ የሚገዛ ሹም ነበር፤ መቀመጫው ግን ድባርዋ ነው፤ ድባርዋ ደግሞ ደጋ ናት። እ.ኤ.አ. በ1557 የኦስማን ቱርኮች ምጽዋን ሲይዙ ባሕሩ ሄደ። ማዕረጉ ቀረ። ባሕር በሌለበት በባሕር ላይ ለመንገሥ መርከብ ብቻ ሳይሆን ውኃም እንደማያስፈልግ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። ባሕር በር የሌላት ሀገራችን ስም ካወጣችላቸው መርከቦች መካከልም ጊቤ፣ አሶሳና ጋምቤላ የሚባሉ ይገኙበታል። ከሦስቱ መጠሪያዎች የእንፋሎት መርከብ በዐይኗ ያየችው፣ በባሮ ወንዝ ከሱዳን ጋር ትነግድ የነበረችው ጋምቤላ ብቻ ናት።

«መሪ» ራሱ የመጣው «መርሐ» ከሚለው የግእዝ ግሥ ነው፤ መንገድ ማሳየት ማለት ነው። «መርሕ»ና «መርሐ ግብር» ከዚሁ ይወለዳሉ። መርሐ የእግረኛ ቃል ነው። በግእዝና በአማርኛ የሚመራ ሰው ከፊት ይሄዳል፤ ዐይነ ስውር የሚመራ ልጅ ከፊት ነው፤ ማኅሌት የሚመራው መሪጌታ ከፊት ነው፤ በቅሎ የሚስበውም እንዲሁ። ከፊት የሚሄድን ሰው እንቅፋቱ ቀድሞ ይመታዋል፣ ገደሉም ውስጥ ቀድሞ ይገባል። ግሪኩ ከኋላ ስለሚቀመጥ መርከቡ ዐለት ሲመታ የመጨረሻው ደረቅ ሰው እሱ ነው። ጥናቱ እስከ ዛሬ ካገኛቸው ግኝቶች ትልቁ ይህ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ መሪ ሁሉ በስም ከፊት የሚሄድ እግረኛ ሲሆን በአቀማመጥ ግን ግሪክ ነው።

ግሡ መርከብ ባያገኝም ሥራ አልፈታም። ዋና ሥራውን ያገኘው ቢሮ ውስጥ ነው። ባለጉዳይ ማመልከቻ ያስገባል፤ ኃላፊው ከጥጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ለሚመለከተው ይመራ» ብሎ ይፈርማል፤ ማመልከቻው ይመራል። በሀገራችን በእርግጠኝነት ተመርቶ የሚያውቅ ነገር ቢኖር ይህ ወረቀት ነው። ከሦስተኛ ፎቅ ወደ መዝገብ ቤት፣ ከመዝገብ ቤት ወደ ሕግ ክፍል፣ ከሕግ ክፍል ወደ ሦስተኛ ፎቅ ሲጓዝ ነፋስ አያስተውም፤ ወደብ አለመድረሱ ከመሪው ጥፋት አይቆጠርም። የሚመራበት መሣሪያ «መመሪያ» ይባላል። «መመሪያ አልመጣም» ሲባል በመርከብ ቋንቋ መቅዘፊያው ገና ከመጋዘን አልወጣም ማለት ነው፤ ሁሉም ተሳፍሯል። መሬትም ይመራል፤ «ቦታ ተመርቼ ቤት ሠራሁ» የሚሉ የከተማ ሽማግሌዎች አሉ፤ ይህ አገባብ በአሁኑ ትውልድ አፍ ላይ እየጠፋ መሄዱን የቋንቋ አጥኚዎች ሳይሆኑ ቤት ተከራዮች ይመሰክራሉ።

ከሁሉ የረቀቀው ግን «መሪ ቃል» ነው። ማንኛውም ስብሰባ፣ በዓል፣ የደም ልገሳ፣ የእግር ጉዞ «በሚል መሪ ቃል» ይካሄዳል። ቃሉ በትልቅ ጨርቅ ላይ ይጻፍና ከመድረኩ በላይ ይሰቀላል። ከመድረኩ ላይ የተቀመጡት ጀርባቸውን ሰጥተውታል፤ ፊት ለፊቱ የተቀመጡት ያነቡታል። ከጉዳዩ ጋር የሚያገናኘው የጨርቁ ኪራይ ደረሰኝ ነው። ግሪክ ሰውን መሪ አደረገ፤ የአማርኛ ስብሰባ ሰውን አሳርፎ ቃሉን መሪ አደረገ። ይህ በዘርፉ የተመዘገበ የመጨረሻው እድገት ይመስለናል።

ሰው ወደ ዕቃ፣ ዕቃም ወደ ሰው የሚሸጋገርበት ሂደት በእኛ ብቻ የሆነ አይደለም። ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1788 ገደማ የእንፋሎት ሞተሩ ላይ የሚሽከረከሩ ሁለት የብረት ኳሶች ገጠመ። ሞተሩ ሲፈጥን ኳሶቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ እንፋሎቱን ያጠባሉ፤ ሲዘገይ ይወርዳሉ፣ እንፋሎቱን ይለቃሉ። የመሣሪያው ስም ገቨርነር ነው፤ አገረ ገዢ። የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1868 «ስለ ገቨርነሮች» የተሰኘ ጥናት አሳተመ፤ ለፖለቲካ ወሬ ብሎ የገለጠው አንባቢ የሚያገኘው የሒሳብ ቀመር ነው። የሒሳብ ሊቁ ኖርበርት ዊነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1948 ራሱን በራሱ የሚያርም ሥርዓት ለሚያጠናው ሙያ «ሳይበርኔቲክስ» ብሎ ስም ሲያወጣ ወደ ግሪኩ ባሕረኛ መመለሱን ራሱ ጽፏል። ከእሱ በፊት ፈረንሳዊው አምፔር፣ ያው የኤሌክትሪኩ፣ ቃሉን ለሀገር አስተዳደር ሙያ ሰጥቶት ነበር። መሣሪያው ከሰው አገረ ገዢ የሚለየው በዚህ ነው፦ የዋት አገረ ገዢ ሲሳሳት ሁለቱ ኳሶች ይነግሩታል፤ እሱም ይሰማል።

ከዚያ ቃሉ ተቆረጠ። ግማሹ ተጥሎ «ሳይበር» ቀረ። ዛሬ «የሳይበር ወንጀል»፣ «የሳይበር ጥቃት»፣ «የሳይበር ደኅንነት» ስንል በሥረ ቃሉ የመሪ ወንጀል፣ የመሪ ጥቃት፣ የመሪ ደኅንነት እያልን ነው። የሀገራችን ሕግ አውጪ ይህን አደጋ የተገነዘበ ይመስላል፤ አዋጅ ቁጥር 958/2008ን የሰየመው «የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ» ብሎ ነው።

ጎግል እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ያደረገው ሶፍትዌር ግን ሙሉውን ስም፣ «ኩበርኔትስ»ን፣ ይዞ መጥቷል። ዓርማው ሰባት ክንድ ያለው የመርከብ መሪ ነው። ሥራው በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የተበተኑ ፕሮግራሞችን ማሰማራት ነው፤ የወደቀውን ያነሣል፣ የበዛበትን ያካፍላል፣ የማያስፈልገውን ያሰናብታል። ስብሰባ አይጠራም፤ መሪ ቃልም የለውም። ባለሙያዎቹ ስሙን ለመጥራት ስለታከቱ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፊደል መካከል ያሉትን ስምንት ፊደላት ቆጥረው «ኬ ስምንት ኤስ» ብለው ይጽፉታል። አፍላጦን ኮከብ ሲቆጠር ነበር የሚያውቀው፤ ፊደል ሲቆጠር አላየም።

«ፓይለት»ም የሩቅ ዘመድ ነው። ሥሩ መቅዘፊያ የሚለው ሌላ የግሪክ ቃል ሲሆን በጣሊያን መርከበኞች አፍ ተለውጦ መጥቷል። ወደ ጠባብ ወደብ የሚገባን መርከብ ተቀብሎ የሚያስገባ የአካባቢው ሰው እስከ አሁን ፓይለት ይባላል። ይህ ዝምድና «ፓይለት ፕሮጀክት» ለምን ሁልጊዜ ከወደብ እንደማይወጣ በቂ ማብራሪያ ይሰጣል። «ሹፌር» ደግሞ ከዚህ ቤተሰብ ጭራሹን አይደለም፤ በፈረንሳይኛ እሳት የሚያነድ፣ ምድጃ የሚቆሰቁስ ማለት ነው። ስለዚህ መንገዳችን ላይ አንድ እሳት ቆስቋሽ መሪ ይዞ ይሄዳል። በጋቢና ከተደረገው ምልከታ ይህን የሚቃወም መረጃ አልተገኘም።

መሪን ከማዕረግ ያደረሱት ቻይናዎች ናቸው። የመከላከያ ሚኒስትሩ ሊን ቢያዎ እ.ኤ.አ. በ1966 ማኦ ዜዱንግን «ታላቅ መምህር፣ ታላቅ መሪ፣ ታላቅ ጠቅላይ አዛዥ፣ ታላቅ የመርከብ መሪ» ብለው በአራት ማዕረግ ጠሯቸው። በአማርኛ ሁለተኛውና አራተኛው አንድ ስለሚሆኑ ማዕረጉ ወደ ሦስት ይወርዳል፤ ይህን ለመሰለ ቁጠባ ቋንቋችን ተመስግኖ አያውቅም። ማኦ በዚያው ዓመት ሐምሌ ውስጥ በ72 ዓመታቸው ያንግትዜ ወንዝ ገብተው ዋኙ። የመርከብ መሪ መርከቡን ትቶ በዋና መሄዱ በሙያው ደንብ የት እንደሚመደብ አልተወሰነም። በእኛ ዘንድ በዘመነ ደርግ ሊቀ መንበሩ «ቆራጡ መሪ» ይባሉ ነበር። ቆራጥነት ለመሪ የሚሰጥ ምስጋና መሆኑን አንክድም፤ መካኒክ ግን የተቆረጠ መሪ እንጂ ቆራጥ መሪ አያውቅም።

አሁን የቀኝና የግራ ጉዳይ ይቀራል። ድሮ መርከብ የሚዞረው በእጀታ ነበር፤ እጀታው ወደ ቀኝ ሲገፋ መርከቡ ወደ ግራ ይዞራል። የሚሽከረከር መሪ ከመጣ በኋላም የእንግሊዝ መርከቦች ትእዛዙን በእጀታው ቋንቋ መስጠት አልተዉም፤ እስከ 1930ዎቹ ድረስ አዛዡ «ቀኝ» ሲል መርከቡ ወደ ግራ ይሄድ ነበር። ሁሉም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ማንም ግራ አይገባውም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 14 ቀን 1912 ሌሊት ታይታኒክ ላይ የበረዶው ተራራ ሲታይ ተረኛው መኮንን ዊልያም መርዶክ «ሙሉ ቀኝ!» ብሎ አዘዘ። መሪውን የያዘው ሮበርት ሂችንስ የሚባል መርከበኛ ነበር። ትእዛዙን በትክክል ፈጸመ፤ መርከቡ ወደ ግራ መዞር ጀመረ፤ ቀኝ ጎኑን በረዶው ፋቀው። ትእዛዙ ትክክል፣ አፈጻጸሙ ትክክል፣ የሰመጠው መርከቡ ብቻ ነው።

ሂችንስ ተረፈ። የቁጥር 6 የነፍስ አድን ጀልባ ኃላፊ ሆኖ ወረደ። በረዶውን መጀመሪያ ያየው ጠባቂ ፍሬደሪክ ፍሊትም እዚያችው ጀልባ ላይ ነበር። ቀዛፊ ሲያጥር ሴቶቹ መቅዘፊያ ያዙ፤ ፊታቸውን ወደ ኋላ፣ ወደ ሂችንስ አድርገው ይቀዝፉ ጀመር። እሱ ከኋላ መሪውን ይዞ ተቀምጧል። የጀልባ ልምድ ያለው ካናዳዊ ተሳፋሪ ሻለቃ አርተር ፖይቼን፣ መሪውን ከሴቶቹ ለአንዷ ሰጥቶ እሱም መጥቶ እንዲቀዝፍ ጠየቀው። ሂችንስ የጀልባዋ አዛዥ እኔ ነኝ አለ።